ስለ ቀንዱ እጀታ የመሰከርሁት ሐሰት

ልብንና ኩላሊትን በሚመረምረው፣ የተሸፈነውን ሁሉ በሚገልጠው በልዑል እግዚአብሔር ስም እጀምራለሁ። ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁትም። ለሚስቴ ሳልነግራት አፈር ለበሰች። ለነፍስ አባቴም ጥቃቅኑን ኃጢአት እየለቀምሁ ሳቀርብ ይህን እየዘለልሁት ኖሬአለሁ። አንባቢ ሆይ፣ ካህን ባትሆንም ስማኝ። ነገር ግን አትዘንልኝ፤ ለእኔ ኀዘኔታ አይገባኝም።

በጎባ ከተማ ቅኔ ተቀኝቼ፣ ዜማ ዘልቄ፣ መሪጌታ ተብዬ የኖርሁ ሰው ነኝ። ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ከንቱ ፍቅር ነበረኝ። ስድስት ጎራሽ የሚባሉትን፣ መተኮስ ያቆሙ የጥንት ሽጉጦች እሰበስብ ነበር። የእንዲህ ያለ ሽጉጥ ክብሩ በብረቱ ብቻ አይደለም፤ በእጀታው ነው። እጀታው ከብረቱ ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑን ለማወቅ እንጨቱ ከብረቱ ጠርዝ ጋር እኩል መበላቱን፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ መለስለሱን፣ በውስጡ የተመታው ቁጥር ከብረቱ ቁጥር ጋር መግጠሙን አያለሁ። ኋላ የገባ እጀታ ሳይ እንደ ተሳሳተ ንባብ ጆሮዬን ያሳክከኝ ነበር። ሰዎችም «አዋቂ» ይሉኝ ነበር። አዋቂ! ይህን ስም ዛሬ ስሰማው ምራቄ ይመረኛል።

የገሰራው ሐጂ አደም ወዳጄ ነበር። አባቱ በወጣትነቱ የዚያው የገሰራ ሰው የኦቦ ከድርን አጎት በሽጉጥ ገድሎ ነበርና ሁለቱ ቤቶች ብዙ ዘመን ደም ሲፈላለጉ ኖሩ። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ገብተው፣ የደም ካሳው ጉማ ተከፍሎ ታረቁ። በዕርቁ ቀን የገደለው ሽጉጥ በሸንጎው መካከል ቀረበ። መምቻው ተሰበረ፤ የእንጨት እጀታውም ተነቅሎ በሁሉ ፊት ተቃጠለ። «የገደለው እጅ ነደደ» አሉ። በምትኩ ለዕርቁ ከታረደው በሬ ቀንድ እጀታ ተጠርቦ ገባለት። ይህን ቀንድ አንሥቶ እንጨት የመለሰበት ወገን ዕርቁን አፍርሷል ተባብለው ተማማሉ። ሽጉጡም ከሁለቱም ወገን ባልሆነ ሰው ዘንድ በአደራ እንዲቀመጥ፣ በሁለቱ ቤቶች መካከል ጋብቻ ሲሆን እየወጣ እንዲታይ ተወሰነ። የመጀመሪያው ጠባቂ ሲያርፍ እኔን መረጡ። ስለ ምን መረጡኝ? በአንገቴ መስቀል ስላለ ነው።

ሐጂ አደም ሽጉጡን ሲያስረክበኝ እየሳቀ፣ «መሪጌታ፣ ይህች ብረት ከደም ጾማለች፤ እርስዎ ዘንድ ሆና እንዳትፈስክ!» አለኝ። እኔም ሳቅሁ።

አንድ ወቅት ሐጂ አደም ለልጅ ልጆቹ ሊያሳያቸው ሽጉጡን ወሰደ፤ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎም መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ እንደ እኔው ሰብሳቢ የሆነ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። ሽጉጡን አገላብጦ አየና፣ «አባ፣ ምን ነካችሁ? ለሙሽራ የበሬ ጥርስ ተከላችሁላት እኮ!» ብሎ ተሳለቀ። ታሪኩን ልነግረው እችል ነበር። አልነገርሁትም። አፈርሁ! በዕርቅ ቀንድ አፈርሁ! ሰውዬው በሄደ ማግሥት፣ ከሌላ ስብርባሪ ሽጉጥ ያገኘሁትን የጥንት የእንጨት እጀታ አወጣሁ። እኔው ቀንዱን ነቀልሁ፤ አሮጌ ነበርና በእጄ ላይ ተሰነጠቀ። እኔው ስብርባሪውን ከአመድ ጋር ደፋሁ። እኔው እንጨቱን አስገብቼ አጠበቅሁ። ደግሞም እኮ በውስጡ ያለው ቁጥር ከብረቱ ጋር አልገጠመም። ይህን እያወቅሁ «አሁን አማረባት» አልሁ። ቂል! የሰው ደም ያሰረውን ቋጠሮ ለዓይኔ አምሮት ፈታሁ።

ሌላ ቀንድ አስጠርቤ እመልሳለሁ እያልሁ ሳመነታ፣ የሐጂ አደም የልጅ ልጅ መዲና ለኦቦ ከድር ልጅ ታጨች። ሠርጉ ሩቅ ነበር፤ ኦቦ ከድር ቢታመም ጊዜ «ሳልሞት ልየው» ብሎ ቀኑን አስቀደመው። መኪና ተላከልኝ፤ ሽጉጡን በዚያው ነጭ ጨርቅ መልሼ ጠቅልዬ ወጣሁ። ከጎባ ሮቤ፣ ከሮቤ ገሰራ እስክንደርስ ምን ሳደርግ ነበር? ጸሎት? አይደለም። ሐሰቱን እንደ ቅኔ እቆጥር ነበር።

ኒካሑ ሊታሰር ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት ጨርቁ ተፈታ። ሽማግሌዎቹ እንጨቱን አዩ። ከዚያ ኦቦ ከድር ምርኩዙን ተደግፎ ተነሣና፣ «አደም! ያጎቴን ገዳይ እጅ መለስህበት?» አለ።

ሐጂ አደም ወደ እኔ ዞረ። የዞረው ሊከሰኝ አልነበረም፤ የማድነው መስሎት ነው። እኔም መስቀሌን ይዤ፣ «ሐጂ ወስዶት ነበር፤ ጠቅልሎ መለሰልኝ፤ እኔ ጨርቁን ፈትቼ አላየሁም» አልሁ። ከዚህ ቃል ግማሹ እውነት ነበር፤ ሐሰቴን ስለት ያወጣለት እርሱ ነው።

ሐጂ አደም፣ «እርስዎ ካሉ እንግዲህ እኔ ምን እላለሁ? ረቢ ያያል» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

የመዲና ጋብቻ በዚያው ቀረ። ሁለቱ ቤቶች በገበያ ሰላምታ ተነፋፈጉ፤ በመስጊድም ተራርቀው ይሰግዳሉ። ሐጂ አደም «ዕርቅ አፍራሽ» የሚለውን ስም መሸከም አቅቶት ወደ ሪራ፣ ወደ እኅቱ ልጆች ወረደ፤ በዚያው ሞተ። እኔስ? እኔ ማኅሌት ቆሜ አደርሁ። በዐውደ ምሕረት ስለ ሐሰት ምስክር አስተማርሁ። ሕዝቡ አለቀሰ፤ እኔ ግን አላለቀስሁም። ምን ዓይነት ጉሮሮ ነው ይህን ሁሉ ዜማ አውጥቶ አንዲት እውነት የሚያንቀው?

«ወጣት ነበርሁ» አልል፤ ጠጉሬ ሸብቶ ነበር። «አላወቅሁም» አልል፤ ሕጉን ከእነ ትርጓሜው አውቀዋለሁ። «ሰይጣን አሳተኝ» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል፤ እኔን ያሳተኝ ማንም አይደለም። የተማርሁት ትምህርት አላዳነኝም፤ እንዲያውም ሐሰቴን አሳምሬ እንድናገር ረዳኝ።

አሁን ደግሞ ነገሩ እንደገና ተነሥቷል። በገሰራ ገበያ የሁለቱ ቤት ወጣቶች ተጣልተው ደም ፈስሷል፤ እግዚአብሔር ጠብቆ የሞተ የለም። ሽማግሌዎች ዳግመኛ ሊያስታርቁ ተሰብስበዋል። የኦቦ ከድር ወገን ግን አስቀድሞ የሐጂ አደም ልጅ በሸንጎ ቆሞ፣ «አባቴ ዕርቅ አፍርሷል» ብሎ በአባቱ ላይ እንዲምል ይፈልጋል። ልጁ እምቢ አለ። ስለዚህ መልእክተኛ ወደ እኔ መጣ። «መሪጌታ፣ ያን ጊዜ ያሉትን ይድገሙልን፤ እርስዎ ከተናገሩ ያልቃል» አለኝ፤ ጉልበቴንም ሳመ። ጉልበቴን ሳመ! በቁጣ ጮኽሁበት፤ ምስኪኑ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ እየተደናገጠ ወጣ። የጮኽሁት በእርሱ ላይ አልነበረም።

ይህን የጻፍሁት ነገ በገሰራ ሽማግሌዎች ፊት ስቆም ወደ ኋላ እንዳልል ነው። ምላሴ እንደ ለመደው ቢያፈገፍግ፣ ጽሑፉ በሸንጎው ይነበብብኝ። ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅርታ የመጠየቂያዬ ሰው በሪራ አፈር ውስጥ ነው። ለመዲናም የምመልስላት ዕድሜ የለኝም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ቀንዱን የነቀልሁ እኔ ነኝ። እንጨቱን ያስገባሁ እኔ ነኝ። በመስቀል ፊት የዋሸሁ እኔ ነኝ። ሐጂ አደም እውነተኛ ሰው ነበር፤ ዕርቁን አላፈረሰም፤ ልጁም በአባቱ ላይ አይምል።

አንተ ግን ይህን ያነበብህ ሆይ፣ እግዚአብሔር ቤትህን በሰላም ያቁምልህ። ልጆችህ በስምህ አይፈሩ፤ ጎረቤትህ በደጅህ ሲያልፍ ሰላምታውን አይንፈግህ። በአንተ ቃል የሚታመን ሰው ወደ አንተ በዞረ ጊዜም እውነቱን በአፍህ ላይ ያኑርልህ። አሜን።