ጺም ላይ ያረፈችው የውኃ ተርብ

ባለፈው እሑድ ከልጄ ጋር ጣና ዳር ዓሣ ልንበላ ተቀምጠን ሳለ አንዲት ቀይ የውኃ ተርብ መጥታ የሎሚው ሳህን ጠርዝ ላይ አረፈች። ልጄ በሶፍት ልትመታት ስትል "ተያት!" አልሁ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ። ምክንያቱን መናገር ግድ ሆነብኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ኮሌጅ ባዮሎጂ እማር ነበር። መምህራችን ከዓባይ ዳር የውኃ ተርብ በሕይወቷ ይዘን እንድንመጣ አዘዙን፤ ሰኞ ባዶ እጁን የመጣ ውጤት የለውም። እኔ ደግሞ በዚያ ትምህርት ለመውደቅ አንድ ሐሙስ የቀረኝ ነበርሁ። መረብ ከየት ይምጣ? የእናቴን ነጠላ ሸንበቆ ላይ አስሬ በእሑድ ጠዋት ወንዝ ወረድሁ። መስከረም ነበርና ውኃው ገና አልጠራም፤ ዳር ዳሩ እርጥብ ሣር ይሸታል። ስሮጥ፣ ስወድቅ፣ ነጠላውን ሳወዛውዝ ቆይቼ ጣት የማታህል አንዲት ቀይ ተርብ ያዝሁ። ጠርሙስ ውስጥ እንዳስገባኋት ከኋላዬ የጠመንጃ ቃታ ቀጭ አለ።

"ነጭ ጨርቅ የምታውለበልበው ለማን ነው? ማዶ ማን አለ?" አለ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ።

"ማንም የለም። ተርብ እየያዝሁ ነው።"

"እሱን ቀበሌ ትናገራለህ።"

ያኔ ቀበሌ የገባ ሁሉ በሰላም አይወጣም፤ ጠርሙሴን አቅፌ ፊት ፊቱ ሄድሁ። ሊቀመንበሩ ጓድ ይርጋ ደቅ ደሴት ተወልዶ በዲቁና ያደገ ሰው መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም። ማስረጃውን ልመርምር ብሎ ጠርሙሱን ሲከፍት ተርቧ ወጣችና ግድግዳው ላይ ሥዕላቸው ከተሰቀለው ከሦስቱ ጺማም የኮሚኒዝም አባቶች የአንደኛው ጺም ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች። ጠባቂው ቆቡን አውልቆ ሊመታት እጁን አነሳ።

"ተው! ማንን ልትመታ ነው?" አለ ጓድ ይርጋ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ "ያመጣሃት አንተ፣ አንተው አውርዳት።"

ወንበር ስቤ ልወጣ ስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጫማህን አውልቅ" አለኝ።

ከሥዕል ፊት ጫማ ማውለቅን የት እንደተማረ ለማንም አልጠፋውም። ጠባቂው እንኳ ሳያስበው ቆቡን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል። ጓድ ይርጋ ምን እንዳለ ሲገባው ግንባሩ በላብ ወረዛ። እኔ በባዶ እግሬ ወጥቼ ተርቧን በክንፏ ያዝኋትና ወደ ጠርሙሷ መለስኋት።

"የሰማኸው ነገር አለ?" አለኝ።

"ምንም አልሰማሁም፣ ጓድ።"

"እንግዲያው ሂድ።"

"ነጭ ጨርቁስ?" አለ ጠባቂው።

"ነጠላ ነው፤ አታይም? ለእናቱ ይመልስ።"

ትምህርቱን አለፍሁ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ጓድ ይርጋን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነጠላውን አደግድጎ፣ ጽናጽል ይዞ ሲያሸበሽብ አየሁት። ሲያየኝ ዓይኑን ወደ እግሬ ወረወረ፤ ጫማዬን ማውለቄን አረጋግጦ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። ያን ሰው እወደዋለሁ። ልቡን ሸሽጎ በሚኖርበት ዘመን አንዴ አምልጦት የወጣው ቃል እኔን አተረፈኝ።

ልጄ ሶፍቱን አስቀመጠች። ተርቧ ከሳህኑ ንቅንቅ ስላላለች ሎሚውን ለእሷ ትተን ዓሣውን እንዲሁ በላን።