መዝገበ ቃላቱ እስኪመጣ

ታላቅ ወንድሜ መምህር አድማሱ ዐርፈው መካነ ሰላም ከተማ በተቀበሩበት ዕለት ካህናቱ በራስጌያቸው፣ አብረዋቸው ያስተማሩት መምህራን በግርጌያቸው፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ቆመው ነበር። የሚኒባስ ሹፌሩ ሰይድ ከጎረቤቶቹ ፊት ነበር። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከግንቡ ሥር ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው።

ወንድሜ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። ማንም የማይናገረው የእንግሊዝኛ ቃል ካገኙ ትርጉሙና አነባበቡ ሳይረጋገጥ ምሳ አይበሉም። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ መዝገበ ቃላቱ ይገለጣል። አንድ ቀን፣ «ዲፌኔስትሬሽን ማለት ሰውን ወይም ዕቃን በመስኮት መወርወር ነው» አሉኝ።

«እንግዲያው ጋሼ፣ ይህን መጽሐፍዎን ዛሬ ዲፌኔስትሬሽን አደርገዋለሁ።»

«አጠቃቀሙ ትክክል ነው። ቃሉን ወደ መጨረሻው ግን ጠበቅ አድርጊው» ብለው እንጀራቸውን ቆረሱ።

ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱትን ልጆች በነጻ ያስተምሩ ነበር። ልጆቹ «አሞኛል፣ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ የሚለው ይበቃናል» ሲሏቸው፣ «አብሽሩ፣ እሱ ቀላል ነው። የት እንዳመማችሁ ግን በትክክል መናገር አለባችሁ» ይሉና ሐኪም እንኳ የረሳውን የአጥንት ስም ሲያስጠኗቸው ይውላሉ።

እርሳቸው ሲታመሙ ወጣቱ ሐኪም የበሽታውን ስም በእንግሊዝኛ ነገራቸውና «ዛሬውኑ ደሴ ይግቡ» አላቸው። ሰይድ መኪናውን አስነስቶ ከደጃችን ቆመ። ወንድሜ አንድ እግራቸውን መኪናው ላይ እንዳደረጉ ቀጥ አሉ።

«ልጁ አነባበቡን አበላሽቶታል። ትርጉሙንስ ሳላረጋግጥ በምን አፌ ታምሜአለሁ እላለሁ?»

መዝገበ ቃላቱ ያን ዕለት ትምህርት ቤት ቀርቶ ነበር። ከዚያ ደጅ ከቆመው ሰው መካከል እርሳቸው ያላስተማሩት አልነበረም። አንዱ እንኳ አቅፎ ቢያስገባቸው ምን ነበረበት? ሰይድ ሞተሩን አጥፍቶ፣ «እሺ ቲቸር» ብሎ ወደ ትምህርት ቤት ሮጠ! ቢሮው ተቆልፎ፣ ቁልፍ ያዡ ገበያ ወርዶ፣ መጽሐፉ ሲመጣ ቀኑ መሽቶ ነበር። ቃሉን አገኙት፤ ደስም አላቸው። በደሴው መንገድ አቀስታ ላይ ጉም ስለ ወረደ ጉዞው ለነገ ይደር ተባለ። ጎህ ሳይቀድ ዐረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ሰይድ መጽሐፉን ታቅፎ ወደ እኔ መጣ።

«እትዬ፣ ቃሉ ያለበትን ገጽ አጥፌልዎታለሁ።»

«ከአንተው ጋር ይሁን» አልኩትና ወደ መቃብሩ ዞርኩ።

ጋሼ፣ ትርጉሙን መጽሐፍ ሳይመጣልኝ ዐውቄዋለሁ። አነባበቡን እርስዎ ካሉበት ስመጣ ያርሙኛል። ደኅና ይሁኑ።

ይህን ብዬ ነጠላዬን ሰብስቤ ሄድኩ።