ግድግዳዬ ላይ የቀረው ወረዳ

ለሰው በደንብ አስረድታችሁ፣ ሰውየውም አምኗችሁ፣ ኋላ ግን የነገራችሁት ስህተት እንደነበር ያወቃችሁበት ጊዜ አለ? እኔ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼ የኔቫዳን የኮንግረስ ወረዳዎች ቀለም ሲቀቡ አንዷ እጇን አወጣች። «ሚስ፣ ቁማር የተከለከለባት ቦልደር ሲቲ ከካዚኖዎቹ ጋር ምን አገናኛት?» መልሱን አውቀዋለሁ። ያወቅሁበት መንገድ ግን ዛሬም ያስደነግጠኛል።

ያኔ ለአስተማሪነት እየተማርኩ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበርኩ። ከእናቴ ጋር ላስ ቬጋስ አጠገብ ዊንቸስተር ውስጥ አፓርታማ ተከራይተን ስንኖር ከላያችን ጋሽ ከድር ነበሩ፤ የኮምቦልቻ ሰው፣ ሆቴል ውስጥ የአንሶላ ጋሪ የሚገፉ። ለባለቤታቸው ለእትዬ ፋጡማና ለልጃቸው ለሂክማ ያስገቡት የቪዛ ማመልከቻ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። ሂክማ መስከረም ላይ ሃያ አንድ ዓመት ይሞላታል። ከዚያ በኋላ ፋይሏ ከእናቷ ተለይቶ ሌላ ረጅም ወረፋ ይገባል። ጊዜው ሰኔ ነበር።

እንዲህ ያለ ፋይል ሲዘገይ የኮንግረስ አባል ቢሮ የት እንደደረሰ ሊጠይቅላችሁ ይችላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቢሮ የሚያስተናግደው የራሱን ወረዳ ነዋሪ ነው። ይህን ማወቄ በጣም ያኮራኝ ነበር። ጋሽ ከድር የቀዘቀዘ ሐባብ ይዘው ሲመጡ ወረቀቶቻቸውን በየቀናቸው ደረደርኩ። አድራሻው ግን የዊንቸስተር አልነበረም።

«ይሄ እኮ ሄንደርሰን ነው፣ ጋሽ ከድር።»

«የመሐመድ ቤት ነዋ። የመጣሁ ዕለት ተቀብሎ ያሳረፈኝ እሱ ነው።»

«ከዚያ ከወጡ ስንት ዓመትዎ ነው?»

«አራት። ፖስታ እንዳይጠፋብኝ ብዬ አልነካሁትም።»

ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። እኛ ሦስት አራት ቤት እንቀያይራለን፤ አድራሻችን ግን መጀመሪያ የተቀበለን ሰው ቤት ይቀራል። ለኮንግረስ ቢሮ የሚላከው ቅጽ ከፋይሉ ጋር መመሳሰል አለበት ብዬ እኔም ሄንደርሰን ብዬ ሞላሁ። ከዚያ ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ የተሰጠኝንና ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩትን ካርታ አየሁ። ሄንደርሰን ከእኛ ወረዳ ውጭ ናት።

«እኛ አንደኛው ወረዳ ነን። የእርስዎ ወረቀት ግን ወደ ሌላ ተወካይ ነው የሚሄደው» አልኳቸው።

እናቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና፣ «እሷ ካርታ ሳታይ ሽንት ቤትም አትሄድ» አለች።

ጋሽ ከድር ሳቁ። «ተያት፣ አስተማሪዋ ካለች አለች ነው።»

ቅጹን ወደዚያ ተወካይ ቢሮ በፖስታ ላክን፤ መልሱ የሚመጣው መሐመድ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ በተገናኘን ቁጥር «ገና ነው?» እላቸዋለሁ። «ገና ነው። መሐመድ ጋም አልሄድኩ፣ ኦቨርታይም ይዞኝ።» ሐምሌ እንዲሁ አለፈ።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ የመኪናው መሪ እጅ በሚያቃጥልበት ሙቀት፣ በቦልደር ሃይዌይ ሄንደርሰን ወረድን። መሐመድ ማይክሮዌቩ ላይ የተቆለለውን ወረቀት አሳየን።

«ማስታወቂያ ነው ባብዛኛው» አለ።

ከፒዛ ማስታወቂያ ሥር ደብዳቤው ነበር። ከደረሰ አምስት ሳምንት አልፎታል። ይህ አድራሻ በእኛ ወረዳ ውስጥ ስላልሆነ እባክዎ የአንደኛውን ወረዳ ቢሮ ይጠይቁ ይላል።

ስልኬን አውጥቼ አዲሱን ካርታ ከፈትኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኔቫዳ ለረጅም ዘመን ለመላው ግዛት አንድ ተወካይ ብቻ ነበራት። ላስ ቬጋስ እየሰፋች ስትሄድ ተወካዮቹም ጨመሩ፤ አንደኛው ወረዳ በካዚኖዎቹና በሠራተኞቻቸው አፓርታማዎች ዙሪያ የተጠቀለለ ትንሽ ቁራጭ ሆነ። በየአሥር ዓመቱ ግን ሕዝብ ይቆጠርና መስመሩ እንደገና ይሰመራል። ከመጨረሻው ቆጠራ በኋላ የግዛቷን ምክር ቤት የያዘው ፓርቲ፣ መሃል ከተማ የተከማቸው ደጋፊው ለጎረቤት ወረዳዎችም እንዲዳረስለት መስመሩን ለወጠው። ወረዳችን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተለጥጦ፣ ሄንደርሰንን በከፊል ይዞ፣ ትልቁ የወንዝ ግድብ አጠገብ እስካለችው ቦልደር ሲቲ ደረሰ።

የመሐመድ ቤት በዚያ ውስጥ ነበር። የዊንቸስተሩን ብጽፍም፣ የሄንደርሰኑን ብጽፍም የሚሄደው ወደ አንድ ቢሮ ነበር። በመካከላቸው መስመር የነበረው እኔ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው።

ጋሽ ከድር ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ትክክለኛው ቢሮ የት ነው?»

«እኛ ሰፈር አቅራቢያ።»

«አብሽሪ፣ ነገ ሺፍቴ ከሰዓት ነው፤ ጠዋት እንሄዳለን» አሉ።

ሄድን። ቢሮው ጠየቀ፣ ፋይሉም ተንቀሳቀሰ። የቃለ መጠይቁ ቀጠሮ የመጣው ግን ሂክማ ሃያ አንድ ዓመት ከሞላት ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነበር። እነዚያ አምስት ሳምንታት ይበቁ እንደነበር ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ አይበቁም ነበር የሚለኝም የለም።

እትዬ ፋጡማ ብቻቸውን መጡ። ኤርፖርት ውስጥ አቅፈው ሳሙኝና ከቦርሳቸው በእጅ የተጠለፈ ሻሽ አወጡ። «ሂክማ ናት፤ ፋይላችንን ላንቀሳቀሰችው አስተማሪ ስጪልኝ ብላ።» ጋሽ ከድርን አየኋቸው። ጥፋቴን አልነገሯቸውም ነበር። እኔም አልተናገርኩም።

ሂክማ ዛሬም ኮምቦልቻ ወረፋ ላይ ናት። ሻሹ የጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። ለተማሪዬ መስመሩ ለምን እንደተለወጠ ካስረዳኋት በኋላ፣ እኔን ከምታምን የኮንግረሱ ድረ ገጽ ላይ የራሷን አድራሻ አስገብታ እንድታይ ነገርኳት። እናንተንም የምለምናችሁ ይህንኑ ነው። የምትተኙበትን ቤት አድራሻ አስገቡና ወረዳችሁን ቼክ አድርጉ። ከዚያ ፖስታችሁ በማን ቤት ማይክሮዌቭ ላይ እንደተቆለለ ሄዳችሁ እዩ። ዛሬውኑ።