የሻለቃው ቆብ

ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን፣ የመኮንን ቆብ ያልገባበት የላስታ ቤት አልነበረም። ብልባላ ገበያ አንዲት ሴትዮ በኮሎኔል ቆብ ምስር ስትሰፍር አይቻለሁ። ሌላ ቤት ደግሞ ዶሮ ታቅፋበታለች። እኔ እሰበስብ ነበር። የንስሐ አባቴ ላሊበላ ላይ ባገኙኝ ቁጥር፣ "ቆብ እንዲህ ከወደድህ ምነው አትመነኩስም?" ይሉኛል። ይበሉ! የውስጡን ቆዳ ገልብጬ፣ ስፌቱን በጥፍሬ ፈትሼ፣ የየትኛው ማዕረግ እንደሆነ እለያለሁ። በዚህ ቀልድ አላውቅም።

አንድ ቀን አንዲት ጎረቤታችን መጡ፤ እትዬ ነው የምላቸው። መቶ አለቃ የነበረው የልጃቸው መርዶ ከመጣ ሰንብቷል፤ የወደቀበት ግን አይታወቅም። እኛ ዘንድ ሬሳ ከሌለ የሟቹ ልብስ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ይለቀሳል። የሱን ልብስ ደግሞ ወታደር ቤት ከገባ በኋላ ታናናሾቹ ለብሰው ጨርሰውታል።

"በባዶ አልጋ እንዴት ላልቅስ? እስቲ አንዱን አውሰኝ ልጄ" አሉኝ።

ያሉኝን ሁሉ ደረደርኩላቸው። አንድ በአንድ እያነሱ የውስጡን ቆዳ አሸተቱ። ልጃቸውን እየፈለጉ እንደነበር የገባኝ የመጨረሻውን ሲያስቀምጡ ነው። ከዚያ ከፊቱ ወርቃማ ጥልፍ ያለበትን መልሰው አነሱ።

"እሱስ አይሆንም እትዬ፣ የሻለቃ ነው። ልጅዎ መቶ አለቃ ነበር" አልኩ። አይ እኔ!

"በሕይወት ቢኖር እስካሁን ሻለቃ አይሆንም ነበር?"

ዓመቱን በጣቴ ቆጠርኩ። "ይሆን ነበር" አልኩ።

ለቅሶው ላይ ቆቡ አልጋው ላይ፣ ነጭ ጋቢ ላይ ተቀምጧል። አልቃሿ "ሻለቃ" እያለች ገጠመች፤ ያረማት የለም፣ እኔም አላረምኳት። በልጅነታችን ድንጋይ ወርውሮ የፈነከተኝ እሱ ነበር። ጠባሳዬን እያሻሸሁ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

እንግዳው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ፌስታል ይዤ ቆቤን ልወስድ ሄድኩ። ቆቡ አልጋው ላይ ነው፣ ትራስ ላይ። እሳቸው ከሥሩ መሬት ላይ ቁርበት አንጥፈዋል።

"መጣህ?" አሉ። ተነሥተው ቆቡን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉት። ከእጃቸው ግን አላወጡትም።

ፌስታሉን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

"ጭስ እንዳያገኘው እትዬ፣ ጥልፉ ይጠቁራል" አልኳቸው።

"እሺ ልጄ" አሉ። "ከምድጃው ራቅ አድርጌ አስተኛዋለሁ።"