ከፍላቂት ሲወረድ ምን ይለበሳል

ሥራ የጀመርኩ ቀን ያለኝን ልብስ ሁሉ ደርቤ መጣሁ። ከውስጥ ሁለት የጥጥ ካናቴራ፣ በላዩ ወፍራም ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ የወንድሜ ካፖርት፤ አንገቴን በነጠላ ጠምጥሜ ጫፉን ከኋላ ቋጥሬዋለሁ። ደጋ ልንወጣ ነው ተብያለሁ፣ የላስታ ልጅ ደግሞ ደጋን ታውቃለች። የድርጅቱ ባለቤት አቶ ታደለ ላሊበላ ካለው ቢሯቸው በር ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ምነው የሺ፣ ቤት ልትለቂ ነው እንዴ?" አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን አንዱንም አላወለቅሁም።

የተቀጠርኩት ኋላ ጠባቂ ሆኜ ነው። በብስክሌት ጉብኝት ሥራ ፊት መሪ አለ፣ መካኒክ አለ፣ ዕቃና የደከመ እንግዳ የሚጭን መኪና ከነሹፌሩ አለ። ከሁሉም በታች ያለው ኋላ ጠባቂ ነው። ከመጨረሻው እንግዳ ኋላ ሆኖ ይነዳል፤ አይቀድመውም፣ አይርቀውምም። የወደቀ ያነሳል፣ የተነፈሰ ጎማ ይነፋል፣ የወለቀ ሰንሰለት ይመልሳል። በከተማችን ይህን ሥራ የያዘች ሴት ከእኔ በፊት አልነበረችም። ይህን ስናገር አፌን ሞልቼ ነው።

ያን ቀን ዳገቱን ሳናጋምስ ላቤ ከካፖርቱ ሥር እንደ ምንጭ ይወርድ ጀመር። ሜዳው ላይ ስንወጣ የጋሸና ነፋስ ጠበቀኝ። የረጠበው ካናቴራ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ፣ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ፣ ጣቶቼ ፍሬን መያዝ አቃታቸው። እንግዶቹ ሳይደክማቸው እኔ ጠባቂያቸው መኪና ላይ ተጫንኩ።

ሹፌራችን አያ ሙሄ የወልድያ ሰው ናቸው፤ ከመናገራቸው በፊት ሁሌም ትንሽ ይስቃሉ። "አብሽሪ እታለም!" አሉኝ። "ብርዱ እኮ አይደለም ወላሂ፤ ላብሽ ነው የያዘሽ። ገበሬ ሲያርስ ጋቢውን የት ነው ሚያኖረው? ድንበር ላይ። ሚለብሰው ሞፈሩን ሲያስቀምጥ ነው። አንቺ ገለበጥሽውና ለብሰሽ አረስሽ።"

ከዚያ ቀን በኋላ አለባበስን እንደ ትምህርት ያዝኩት። መጀመሪያ የተጣላሁት ከጥጥ ጋር ነው። በእኛ አገር ጥጥ ክብር ነው፤ ጥጥ አይረባም የሚል ሰው ቢገኝ ሽማግሌ ይላክበታል። እኔም አይረባም አላልኩም። ያልኩት ዳገት ለሚወጣ ሰው ገላ አይሆንም ነው፤ ላብ ይጠጣል፣ ከጠጣ በኋላ አይለቅም። በምትኩ ገበያ ላይ በየገመዱ የሚሰቀለውን ስስ የኳስ ማሊያ ለበስኩ። ማሊያ ይረጥባል፣ ነፋስ ሲነካው ወዲያው ይደርቃል። አቶ ታደለ ሲያዩኝ "የትኛው ክለብ አስፈረመሽ?" አሉ።

ከማሊያው በላይ የሚሞቅ ነገር ፈለግሁ። ደጋው ላይ ባለችው ፍላቂት ገበያ ዳር ባና የሚሠሩ አንድ ሸማኔ ነበሩ፤ ባና ማለት ደገኛው የሚለብሰው ወፍራም የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ነው። ከዚያው ፀጉር ስስ፣ አጭር፣ እጅ የሌለው ልብስ እንዲሠሩልኝ ለመንኳቸው። "እጅ የሌለው፣ ርዝመት የሌለው፣ ውፍረት የሌለው! ልጄ፣ ያልሽኝ ልብስ ነው ወይስ ስልቻ?" አሉኝ። ስቀው ስቀው ሠሩት። ገላ ላይ ቢውል ያሳክካል፤ ማሊያ ላይ ሲደረብ ግን ቢረጥብም እንኳ ይሞቃል።

የነፋሱን ነገር ያገኘሁት ከገበሬው ነው። ክረምት ላይ የማዳበሪያ ጆንያ እንደ ገሳ ተከናንቦ ሲሄድ ያላየ የለም። ውስጡ ያለውን ላስቲክ ይዤ ላሊበላ ገበያ በረንዳ ላይ ወደሚሰፋ ልብስ ሰፊ ሄድኩና ስስ ጃኬት ደረቱ ላይ ብቻ ላስቲክ እንዲያደርግበት ነገርኩት። "ጀርባውስ?" አለ። "ጀርባው ክፍት ይሁን፣ ላቡ በዚያ ይውጣ" አልኩት። እሱም ራሱን እየነቀነቀ ሰፋው። ቁልቁለት ላይ ነፋስ የሚመጣው ከፊት ነው፤ ጀርባን መሸፈን ላብን ማሰር ነው።

ሌላውን ያስተማሩኝ ከዓለት በተፈለፈለችው ገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያሉ ቄስ ናቸው። እንግዶች ይዤ በብስክሌት ደርሼ፣ በታይቴ ላይ ረጅም ቀሚስ አጥልቄ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ጫማ አውልቄ ልገባ ስል እግሬን አዩት። "ልጄ፣ ልብስሽስ ደግ ነው፤ ካልሲሽ ግን ውሃ ያንጠባጥባል። ምንጣፉን አስበሽው ነው?" አሉኝ። አፈርኩ። በእርጥብ ካልሲ ዓለቱ ላይ የቆመ እግር ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶም እስከ ማታ አይሞቅም። ከዚያ ወዲህ ደረቅ ካልሲ ያልያዘ እንግዳ ከእኔ ጋር መንገድ አልጀመረም።

እያልኩ እያልኩ ፊት መሪ ሆንኩ። የተሰጠኝ የደጋው መንገድ ነው፦ ከዳገቱ ሥር እስከ ፍላቂት ወጥቶ ማደር፣ በማግስቱ ያንኑ ቁልቁለት መውረድ። የቅርቡ የገነተ ማርያም መንገድ ሌላ መሪ ነበረው። ደጋው ግን የእኔ ነበር፣ የልጆቼም እንጀራ ከዚያ ነበር።

አንድ ዓመት ኅዳር ላይ ውርጩ በረታ። እኔ የራሴን አለባበስ ባውቅም እንግዶች የሚመጡት የየራሳቸውን ልብስ ይዘው ነው፤ አንዱ የቆዳ ጃኬት፣ አንዷ እስከ ጉልበት የሚደርስ ካፖርት። እጅ ማንሳት "መኪና ይምጣልኝ" የማለት ምልክታችን ነው፤ ያን ወር ቁልቁለቱ ላይ እጅ ያላነሳ እንግዳ አላስታውስም። ያለቀሱም ነበሩ። ታመው የተመለሱም ነበሩ።

አቶ ታደለ ጠሩኝ። "የሺ፣ የደጋውን መንገድ ልዘጋው ነው" አሉኝ። "ሰው እኔ ዘንድ የሚመጣው ሊደሰት ነው። እኔ ግን አንቀጥቅጬ እየመለስኩት ነው።"

"እኔስ?" አልኩ።

ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለእኔ የሚሆን ሌላ ሥራ ግን አልነበራቸውም።

"መንገዱ ምን አደረገ አቶ ታደለ? ልብሱ ነው። አንድ ጊዜ እንግዶቹን እኔ ላልብሳቸው። ከዚያ በኋላ ይዝጉት።"

"እሺ። እኔም መኪናው ላይ ሆኜ እከተላለሁ። ግን አንድ እጅ፣ አንዲት እጅ ከተነሳች፣ መንገዱ ቀረ" አሉ።

የመጡት ከአዲስ አበባ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ትልቋ ወይዘሮ ብርሃኔ ከመምህርነት ጡረታ የወጡ፣ ሰውን ሁሉ እንደ ተማሪ የሚቆጡ ሴት ናቸው። ዳገቱ ሥር ማሊያውንና የበጉን ፀጉር ብቻ አልብሼ ላስነሳቸው ስል "በዚህ ጠዋት? ልጄ፣ በብርድ ልትገድይን ነው የመጣሽው?" አሉኝ።

"አሁን ይበርድዎታል። ትንሽ ነድተው ካልሞቀዎት ይቆጡኝ" አልኳቸው።

ሳይቆጡኝ ፍላቂት ደረስን። ግን የመውጣቱ ነገር አላሳሰበኝም። የሚያስፈራው መውረዱ ነው፣ እሱም ለነገ ቀርቷል።

ያደርነው እመት እናኑ ቤት ነው። ገብስ አምራች ናቸው፤ እንግዶቻችን ሁልጊዜ እሳቸው ዘንድ ያድራሉ። ጠዋት ማሳው በውርጭ ነጥቶ አደረ። ልንነሳ ስንል እመት እናኑ አዲስ ጋቢ ይዘው ወጡና ወይዘሮ ብርሃኔ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉላቸው።

ጋቢ ለብሶ ብስክሌት መንዳት ማለት ጫፉን ለሰንሰለት መስጠት ነው፤ ዳገት ላይ ያቆማል፣ ቁልቁለት ላይ ይገድላል። "እመት እናኑ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ግን ጋቢው ጎማ ውስጥ ይገባል፣ እንግዳዋን ይጥላቸዋል" አልኩ።

ፊታቸው ጠቆረ። "እንዲያ ነው? የኔ ጋቢ ሰው ገዳይ ሆነ? እንግዳ እየተንቀጠቀጠ ከቤቴ ወጣ ሲባል አገሩ ምን ይለኛል?"

ወይዘሮ ብርሃኔም በይሉኝታ ጋቢውን አጥብቀው ያዙ። አቶ ታደለ መኪናው ውስጥ ሆነው ያያሉ። ጋቢውን ባስወልቅ ቤቱን ማስቀየም ነው፣ ዝም ብል ሰው መግደል ነው።

ያን ጊዜ ነው የኋላ ጠባቂነቴ የጠቀመኝ። ኋላ ጠባቂ ውሎ አድሮ የሚያየው የሰው ጀርባ ነው። ሰው መሪው ላይ ጎንበስ ሲል ማሊያው ወደ ላይ ይሸሻል፣ ሱሪው ወደ ታች ይወርዳል፣ በመሐል ወገብ ራቁቱን ይቀራል። ደረት ሸፍኛለሁ፣ እጅ ሸፍኛለሁ፣ እግር ሸፍኛለሁ፤ ወገብን ግን ስንት ዓመት እያየሁት አልሸፈንኩትም ነበር። እመት እናኑን ቀና ብዬ ሳይ ወገባቸው ላይ ከጎድናቸው እስከ ዳሌያቸው የተጠመጠመውን መቀነት አየሁ።

"ጋቢውን ይተዉት እመቴ፤ መቀነትዎን ይስጡን" አልኩ።

አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ። "ኧረ ጉድ ነው እናንተ! በዚህ እድሜዬ መቀነት ፍቺ የሚለኝ መጣ!" አሉ። ግን ፈቱት። ወይዘሮ ብርሃኔን እንደ ሙሽራ እያዞሩ፣ በማሊያው ላይ ጠበቅ አድርገው ጠመጠሙላቸውና ጫፉን ወደ ውስጥ ሸጎጡት። "ይኸው፤ ይሄ የሥራ ትጥቅ ነው። ወገቡ የታሰረ ሰው አይበርደውም" አሉ። ለሌላዋ እንግዳ የምራታቸው መቀነት መጣ፤ ለወንዶቹ ነጠላ በረጅሙ አጥፈን አሰርንላቸው። ቤቱም አልተቀየመም።

ሜዳውን ጨርሰን ቁልቁለቱ አፍ ላይ ስንደርስ ሁሉንም አቆምኩ። እንግዶቹ ለመውረድ ቸኩለዋል። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አልኩና ከመኪናው ጋቢ አውርጄ እንደ መጋረጃ ዘርግቼ ያዝኩ፤ ሴቶቹ ከጋቢው ጀርባ፣ ወንዶቹ ከመኪናው ጀርባ የረጠበውን ማሊያ በደረቅ ቀየሩ። መቀነቱ እንደገና ታሰረ፣ ላስቲኩ ደረት ላይ ተቆለፈ፣ ጓንት ገባ። ከዚያ ለቀቅኋቸው።

ቁልቁለቱን ፊት ፊት እየወረድኩ ሁለት ጊዜ ዞር አልኩ። ሁለቱንም ጊዜ ያየሁት እጅ ነው፤ ሁሉም መሪው ላይ ነበር። ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። ያን ቀን እንደጸለይኩት ጾም ይዤም አልጸለይኩም።

ቁልቁለቱ ሊያልቅ ሲል ከኋላዬ የመኪና ጥሩንባ ሰማሁ። ዞርኩ። ወይዘሮ ብርሃኔ ቆመዋል፣ ቀኝ እጃቸው ወደ ላይ ተነስቷል።

እንዴት ወደ ኋላ እንደተመለስኩ አላውቅም። እግሬ ፔዳሉን ስቶ ነበር፤ ልጆቼን፣ የቤት ኪራዩን፣ ሁሉን በአንዴ አሰብኩ። መኪናው አጠገባቸው ቆሟል። አያ ሙሄ መሪያቸውን ይዘው ወደ እኔ አያዩም።

"ምነው፣ በረደዎት? ይግቡ፣ ይግቡ" ይላሉ አቶ ታደለ።

"ምን በረደኝ?" አሉ ወይዘሮ ብርሃኔ በመምህር ድምፃቸው። "ሞቀኝ እንጂ! ይኸን ጓንት የሚቀበለኝ ሰው ጠፋ፤ እጄን ባነሳ ታዲያ ምን ይገርማል?" ጓንታቸውን አውልቀው በመስኮቱ ሰጧቸው።

ያን ጊዜ ነው አቶ ታደለን ደህና አድርጌ ያየኋቸው። የሚነሳ እጅ እንዳያመልጣቸው ከላይ ጀምሮ መስኮት ከፍተው ነው የወረዱት። ሸሚዝና ኮት ብቻ ለብሰዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ አፍንጫቸው ይፈሳል፣ ለእንግዶች የተጫነውን ብርድ ልብስ ጭምር ተከናንበውታል። ከፍላቂት ከተነሳነው ሁሉ የበረደው እሳቸውን ብቻ ነበር።

አያ ሙሄ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ግንባራቸውን መሪው ላይ ደፉ። አቶ ታደለ አፍንጫቸውን ጠርገው "በሚቀጥለው ሳምንት ለደጋው የተመዘገበ አለ?" ብለው ጠየቁኝ።

"አለ" አልኩ።

"እንግዲያው መቀነት ይዘዝ" አሉ።

እኔ ዛሬ መንገድ አልመራም፤ ጉልበቴ ዳገት እምቢ ብሏል። የደጋው መንገድ ግን ይሄዳል፤ መሪዎቹንም እንግዶቹንም የማለብሰው እኔ ነኝ። በዚህ ሥራ ኮርቻለሁ፣ እኮራለሁም።

ለጀማሪ የምለው ይህን ነው። ልብስ የሚለበሰው ለመነሻው ሳይሆን ለመውረጃው ነው። ስትነሱ ትንሽ ይብረዳችሁ። ሳትወርዱ የረጠበውን ቀይሩ። ወገባችሁን እሰሩ።