የጋሽ ወልደ ሰንበት ድምፅ

የሬዲዮ ጣቢያችን ባለፈው ሰሞን አሥረኛ ዓመቱን አከበረ። ኬክ ተቆረሰ፣ ባለሀብት ተሸለመ፣ ታሪካችን እየተሞካሸ ተነገረ። እኔ ኬኩን ሳልቀምስ መለስኩት። መዘዞ የሚኖሩት እትዬ እማዋይሽ ትዝ አሉኝ።

እትዬ እማዋይሽ የበግ ጠጉር ፈትለው የሚያድሩ ሴት ናቸው። ልጅ አልወለዱም። ባለቤታቸው ጋሽ ወልደ ሰንበት ገበሬ ነበሩ። ጣቢያው ደብረ ብርሃን ላይ በተከፈተ ዓመት፣ የስቱዲዮው ግድግዳ ገና በእንቁላል ካርቶን ተለብጦ ሳለ፣ መዘዞ ሄደን አውድማቸው ላይ እህል ሲያበራዩ የሚዘፍኑትን ቀዳን። በሬያቸውን «ና ዳልቻዬ፣ ና የቤቴ ምሰሶ» ይሉታል። በዓመቱ ታመው ሞቱ። በሬውም ለተዝካሩ ተሸጠ። ለእትዬ የቀረላቸው ያ ድምፅ ብቻ ነው።

የዘፈን ምርጫ የማቀርበው እኔ ነኝ። በየሙት ዓመቱ ይደውሉና «ገነትዬ፣ የዚያን ሰውዬ ድምፅ አሰሚኝ» ይሉኛል። አሰማቸዋለሁ።

አምና ቃለ አብ የሚባል አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተሾመብን። ኮምፒዩተሩ ሞላ ብሎ የድሮውን ቅጂ ሁሉ አስጠፋ። «የገበሬ ጩኸት ማን ይሰማል?» አለ። የጋሽ ወልደ ሰንበት ዘፈንም አብሮ ጠፋ። ከመጥፋቱ በፊት ግን መጀመሪያውን አስቆርጦ ለከብት መኖ ማስታወቂያ አዋለው። «ና ዳልቻዬ፣ ና የቤቴ ምሰሶ» ሲሉ ገና ድምፃቸው ሳያልቅ ኦርጋኑ ይንጫጫል፤ ከዚያ አንዷ እየተሞላቀቀች «ዳልቻዎ ዛሬ ምን በላ?» ትላለች። የሞተ ሰው ድምፅ ቆርጦ ፉርሽካ መሸጥ ምን የሚሉት ነውር ነው?

የዘንድሮው ሙት ዓመት ሲደርስ እትዬ እማዋይሽ አልደወሉም፤ ራሳቸው መጡ። ማስታወቂያውን ሰምተዋል። ዛሬ ይረግሙታል ብዬ፣ ደስ እያለኝ፣ ቃለ አብ ቢሮ አስገባኋቸው።

«ልጄ፣ ይሄን ነገር በቀን ስንቴ ነው የምታሰሙት?» አሉት።

«በየሰዓቱ ነው፣ እማማ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። እኔ እኮ በዓመት አንዴ ነበር የምሰማው» አሉና ጎንበስ ብለው ጉልበቱን ሳሙት። እሱም አልከለከላቸውም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይሄ ነው።

ይባስ ብሎ በበዓሉ ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ «አድማጮቻችን ጉልበታችንን እየሳሙ ያመሰግኑናል» ሲል ተናገረ። አዳራሹም አጨበጨበ። ኬኩን የመለስኩት ያኔ ነው።

ከበዓሉ በኋላ መኖ ሻጩ ውሉን ሳያድስ ቀረ። ማስታወቂያው ቆመ፣ ከኮምፒዩተሩም ተሰረዘ። አሁን ያ ድምፅ የትም የለም።

ትናንት በዘፈን ምርጫ ሰዓት ስልክ አነሳሁ። እትዬ ናቸው።

«ገነትዬ፣ ሬዲዮኑን ከፍቼ ነው የምውለው። ምነው፣ መኖው አለቀ እንዴ?»

አየር ላይ ነን። ቃለ አብ ከመስታወቱ ማዶ ቆሞ ቶሎ ዘፈን ልቀቂ እያለ በእጁ ያጣድፈኛል።

«ገዢ ጠፍቶ ከሆነ እኔ እገዛለሁ በያቸው» አሉ። «በሬ እንኳ የለኝም። ግን እገዛለሁ።»