ባዶ ጉርሻ አትላስ ላይ

ከሰሚት

ዛሬ ጠዋት ከሰሚት ኮንዶሚኒየም የተነሳነው ባለቤቴ ታደሰ አፉን ከፍቶ እንዲያሳይ ነው። ሲሉት ቀላል ነገር ነው። ምላሱ ሥር እጢ ከወጣበት ወራት አልፈዋል፤ ውጭ አገር ሄዶ በአፍ በኩል በሚገባ ሮቦት ሊወጣለት ይችላል ተብለናል። የሚቻለው ግን የማሽኑ ክንዶች ጉሮሮው ድረስ ማለፊያ ካገኙ ነው። ካላገኙ አንገቱና መንጋጋው ተከፍቶ ይሠራል። ይህን የምታይልን ሐኪም አትላስ ሰፈር ክሊኒክ ውስጥ ነው የምትሠራው።

"ባይበቃስ?" አልኩት ደረጃውን ስንወርድ።

"ዕድሜ ልኬን አፍህ ሰፊ ነው ስትይኝ አልነበር?" አለኝ። ድምፁ ትኩስ ድንች እንደጎረሰ ሰው ታፍኗል። የድሮው ድምፁ፣ ከታች ሆኖ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ የሚጠራኝ፣ እንዴት እንደናፈቀኝ።

መገናኛ

የሲኤምሲ መንገድ ጠዋት ጠዋት አይገፋም። መገናኛ ወርደን ሌላ ታክሲ ስንጠብቅ፣ ከጀርባችን ባለች ቁርስ ቤት ሰዎች አንድ ትሪ ፍርፍር ከበው ይጎራረሳሉ። ታደሰ ፊቱን አዞረ። ከታመመ ወዲህ ከእኔ ጋር ገበታ አይቀርብም፤ እሱ ለብቻው ሾርባውን ይጠጣል፣ እኔ ለብቻዬ እበላለሁ። ሳላጎርሰው ምሳ የጀመርኩበት ቀን አልነበረም። አሁን እጄ ሥራ የፈታ ይመስለኛል።

አትላስ

ሐኪሟ በዕድሜ ልጃችን የምትሆን ናት። "ጋሼ፣ አፍዎን ሰፋ አድርገው ይክፈቱ" አለችው፤ ትንሽ ማስመሪያ ይዛለች።

ታደሰ ሲያዛጋ እንኳ በእጁ የሚሸፍን ሰው ነው። ሴት ልጅ ፊት አፉን ሊበረግድ? ትንሽ ገርበብ አደረገው። ደግማ ለመነችው፤ ያው ነው።

"ጠባብ ነው" አለች ቀስ ብላ። "መንጋጋቸው ታስሮ ከሆነ በዚህ በኩል አይሆንም።"

ግን ያንን አፍ ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል? ተነስቼ አጠገቡ ቆምኩና ጣቶቼን ሰብስቤ ወደ ከንፈሩ ወሰድኩ። "እንካ፣ በሞቴ።"

ሳያስበው ወለል አድርጎ ከፈተው።

"እንዲሁ ይቆዩ ጋሼ" ብላ ማስመሪያዋን አስገባች። ከዚያ አንገቱን ወደ ኋላ አስደግፋ አየች፤ ጥርሶቹንም፣ ምላሱንም። "አፋቸው ይበቃል፣ አንገታቸውም ይታጠፋል። ቁርጡን የምናውቀው ግን በማደንዘዣ ተኝተው ውስጡ ሲታይ ነው" አለችኝ።

እጄ ባዶውን አየር ላይ ቀርቶ ነበር። አለቀስኩ፤ ምን ላድርግ።

መልስ

ሃያ ሁለት ሰፈር ካለ ጭማቂ ቤት የአቮካዶ ጭማቂ ጠጣ፤ ዝግ ብሎ፣ ግን ጨረሰው። ወረፋና መንገድ ቀኑን በልተውት ሰሚት ስንደርስ መሽቷል።

ለእኔ ሽሮ፣ ለእሱ ሾርባ አቀረብኩ። ወንበሩን ስቦ ወደ ትሪዬ መጣ። እንጀራ ቆረሰ፣ ጠቀለለ፣ ወደ አፌ ዘረጋልኝ።

"አንተ ሳትበላ?"

"እኔ እስክችል አንቺ ጉረሺ።"

አፍ መክፈት ቀላል ነገር ነው ብዬ ነበር ጠዋት የወጣሁት። አሁን የእኔው አፍ አልከፈት አለኝ፤ እሱም እጁን ሳያወርድ ጠበቀኝ። ጎረስኩ። ወዲያው ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመረ።